ስልሳ ሦስት ጭረት

እናቴ ልትሞት መሆኗን ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ አልጠረጠረም፣ ጎረቤት አልሰማም፣ እሷ ራሷ እንኳ ምንም እንዳልሆነ ሰው ስትስቅና ስትቆጣ ትውላለች። እኔ ግን ማስረጃ ነበረኝ፤ ያውም በዓይኔ በብረቱ ያየሁት።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ ከሥራ ገብታ ማድቤት ቆማ አገኛታለሁ። ሥራዋ መንገዱ ጥግ ካለው ካፌ ስኒ ማጠብ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ከንፈር የነካው ስኒ ሁሉ በእጇ ያለፈ ይመስለኛል፤ የጣቶቿ ጫፍ ሁልጊዜ ከውሃ ብዛት የተጨማደደ ነበር። ታዲያ ቀኑን ሙሉ የቡና ስኒ ስታጥብ የዋለች ሴት ቤቷ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቡና ታፈላለች ቢባል ማን ያምናል?

የምታፈላው በሞካ ነው። ቁመቷ ከስንዝር የማያልፍ፣ ወገቧ ቀጠን ያለ፣ ስምንት ጎን ያላት የአሉሚኒየም ዕቃ ነች። ከታች ውሃ ይገባል፤ መሃል ባለው ወንፊት ላይ የተፈጨ ቡና ይሞላል፤ ላይኛው ክፍል በላዩ ይጠመዘዛል። ውሃው ሲፈላ መሄጃ ያጣና በቡናው መሃል ሽቅብ ይወጣል፤ ከላይ ወፍራም ጥቁር ቡና ሆኖ ይጠራቀማል። የሁለቱ ክፍሎች መገናኛ ላይ አንዲት የጎማ ቀለበት አለች። ይህቺን ቀለበት ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

እማዬ ውሃውን ከእንፋሎት ማስተንፈሻዋ በታች ታቆመዋለች። ቡናውን ሳትጫነው ሞልታ በጣቷ ታስተካክለዋለች። በጨርቅ ይዛ ግጥም አድርጋ ትጠመዝዘውና ቡታጋዙን ዝቅ አድርጋ ትለኩሳለች። ከዚያ ዓይኗን ከክዳኑ ሥር ሳትነቅል ከንፈሯ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ድምፅ የለውም። ጸሎት ነበር የመሰለኝ። እኔም ከኋላዋ ቆሜ፣ ለማን እንደምጸልይ ሳላውቅ፣ አብሬያት ከንፈሬን አንቀሳቅስ ነበር።

የመጀመሪያዋ ጠብታ እንደ ማር ቀልታ ትወጣለች። ከዚያ ቀጭን ጅረት ይሆናል። ማጉረምረም ከመጀመሩ በፊት እማዬ ላጥ አድርጋ ታነሳውና ቂጡን እርጥብ ጨርቅ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ጨርቁ ጭስስ ይላል። ትንሽ ስኒ ውስጥ ትቀዳለች። ታሸታለች። ትጎነጫለች፤ ጉንጯ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ታመላልሰዋለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ ጎንበስ ትልና የቆርቆሮ ሳህን ውስጥ ትተፋዋለች።

ጥቁር ነው የምትተፋው።

ከጆሮዋ ጀርባ የሰካችውን እርሳስ አውጥታ ከቡታጋዙ ጎን ግድግዳው ላይ አንዲት ጭረት ትጨምራለች። ሞካዋን በውሃ ብቻ አለቅልቃ እንደገና ትሞላለች። እንደገና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እንደገና ትተፋለች፤ እንደገና ጭረት።

ጭረቶቹን እሷ ሳትኖር ወንበር ላይ ወጥቼ ቆጠርኳቸው። ሐምሳ አንድ ነበሩ። የታመመ ሰው የቀሩትን ቀኖች ነው የሚቆጥረው ወይስ ያለፉትን? እሱ ላይ እርግጠኛ አልነበርኩም። ሁለቱም ግን አላማረኝም።

አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ሳስበው ከንፈሯ ይቆጥር እንደነበር አውቃለሁ። እሳቱ ከተለኮሰ የመጀመሪያዋ ጠብታ እስክትወጣ፣ ከመጀመሪያዋ ጠብታ ሞካው እስኪነሳ። ሰዓት ስላልነበራት በአፏ ትቆጥራለች። እኔ ያኔ አሜን የምልበት ቦታ አንድ መቶ አርባ ላይ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ ፊደል እጽፋለሁ። አባዬ የልብስ ማጠቢያውን ቧንቧ ይፈታል። አባዬ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግን ውሎ የራሱን ቤት ለመጠገን የሚነሳው እማዬ ሦስት ጊዜ ከተቆጣች በኋላ ነው።

“ለልጅቷ አልነገርሻትም?” አላት።

“ካለፈ በኋላ እነግራታለሁ። ካልሆነልኝስ ምን ልላት ነው?”

“ሐሙስ ነው አይደል?”

“ሐሙስ። ሦስት ሰው ነን።”

“ሌሎቹ ወጣቶች ናቸው አሉ።”

“ልጆች ናቸው። ጉልበት አላቸው። እኔ የምፈራው እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ብቻ ነው።”

“ሽማግሌው ምን አሉሽ?”

“‘አንድ ዕድል ነው ያለሽ፤ ካመለጠሽ ሁለተኛ የለም’ አሉኝ።”

አባዬ የፈታውን ቧንቧ እያራገፈ “እንግዲህ ዝም አይነቅዝም” አለ፤ “እስከ ሐሙስ ማንም አይስማ።”

እርሳሴ እጄ ላይ ቀረ። ሐሙስ። ሦስት በሽተኞች። ሁለቱ ወጣቶች ስለሆኑ ይተርፋሉ። ሽማግሌው ሐኪሙ መሆን አለባቸው። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገጠመልኝ። የሰባት ዓመት ልጅ የገጠመላትን ነገር ማን ይፈታዋል?

በማግስቱ ምክር ፍለጋ ፊት ለፊታችን ወዳለችው ጎረቤታችን ሄድኩ። የሰው ልብስ ትተኩሳለች። መንደሩ በሌለችበት “እትዬ ራዲዮ” ይላታል፤ ጠዋት ከአፏ የወጣው ወሬ እስከ ምሳ ሰፈሩን ዞሮ፣ ሥጋ ለብሶ፣ ወደ እሷው ሲመለስ ራሷ እንደ አዲስ ትደነግጥበታለች። ክፉ ሰው ግን አይደለችም። ለቅሶም ሠርግም ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት።

“እትዬ፣ ሰው ጥቁር ነገር ከተፋ ምን ሆኖ ነው?”

ካውያው አየር ላይ ቀረ። “ማነው ጥቁር የተፋው?”

“ማንም። እንዲያው ነው።”

“እንዲያው ጥቁር አይተፋም፣ የኔ እናት። ጉበት ነው። የባሌ አጎት እንደዚሁ ቡና ሲያበዛ፣ ሲያበዛ፣ ሐኪሙ ተው ቢለው አሻፈረኝ ብሎ…”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ምን ከዚያ አለው!” አለችና ሸሚዙ ላይ ካውያዋን አሳረፈች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ቤታችን በር ወረወረች፤ ከበሩ መለሰችና እኔ ላይ ጣለችው። ምንም አልጠየቀችኝም። መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ማክሰኞ ዕለት ሾርባ በክዳን ከድና መጣች። እማዬን በሩ ላይ አቅፋ ከሚገባው በላይ አቆየቻት።

“አይዞሽ” አለቻት፤ “ብዙ ሰው አልፎታል።”

እማዬ ደነገጠች። “ማን ነገረሽ?”

“ሰው ይደብቃል እንጂ ነገር አይደበቅም። መቼ ነው?”

“ሐሙስ።” እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “እባክሽ፣ በእናትሽ፣ እስከዚያ ለማንም እንዳትነግሪ። ካፌ ድረስ ከደረሰ ይስቁብኛል።”

“ይስቁብሻል? እግዜር ይይላቸው! በዚህም የሚስቅ አለ?” እትዬ ራዲዮ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። “እኔ አፌ እንደ መቃብር ነው።”

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ እሮብ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ እናቴን እያየ አንገቱን ሲነቀንቅ፣ እማዬ ብቻ ሰዎቹ ለምን እንዲህ እንደ ተለሳለሱ አልገባትም ነበር። ዳቦ ሻጩ ከላይ ያለውን ትኩሱን ዳቦ መርጦ ሰጣት። እማዬ “ዛሬ ምን ነካው?” ብላ ዳቦውን ገልብጣ አየችው።

እኔ ግን ሐዘኔታ እንደማያድናት አውቅ ነበር። እትዬ ራዲዮ መድኃኒቱን ነግራኛለች፤ ቡናው መቆም አለበት። ቡናው የሚቆምበትን መንገድ ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ ጠንቅቃ ታውቃለች። አባዬ ቧንቧ በፈታ ቁጥር ቀለበቷን በጣቱ አንጠልጥሎ “ዕቃ ሁሉ የሚቆመው በዚች ነው” ይለኛል፤ “ብረቱን ሁሉም ያየዋል፤ ሥራውን የምትሠራው ግን ጎሚኒዋ ናት።” እሮብ ከትምህርት ቤት እንደ ገባሁ፣ ያን ዕለት ዘግይታ የነበረችው እማዬ ሳትመጣ፣ ሞካዋን ፈታሁ። የጎማዋን ቀለበት በማንኪያ ጫፍ ፈልቅቄ አወጣኋት። የት ልደብቃት? ኪሴ ይበረበራል፤ ደብተሬ ይታያል። እጄን አሾልኬ እንደ አምባር አጠለቅኋትና ከክርኔ በላይ ገፍቼ የሹራቤን እጅጌ አወረድኩባት። ልክክ አለች።

እማዬ ስትገባ የያዘችው በወረቀት የተጠቀለለ ጥቂት ቡና ነበር። ጠረጴዛው ላይ እንደ ዕንቁላል አስቀመጠችው። “የመጨረሻው ነው” አለች ለራሷ። ሞካዋን አነሳች። ከዚያ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

“ሚጡ፣ ጎማዋን አየሻት?”

“የቷን?”

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። በሕይወቴ ያን ያህል በትክክል ዋሽቼ አላውቅም።

ፈለገች። ከቡታጋዙ ሥር፣ ከቆሻሻው ቅርጫት ውስጥ፣ ከምንጣፉ ሥር። በጉልበቷ ተንበርክካ በእጇ ወለሉን ስትዳብስ ከእኔ አንድ ክንድ አትርቅም። እጅጌዬ ሥር ጎማዋ ትቆነጥጠኛለች። እማዬ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እናቴን ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። “አመማት” አልኩ በልቤ፤ “ቡናው ሲቀርባት አመማት። ይለቃታል።”

አባዬ ሲገባ ነገረችው። እሱ የመሣሪያ ሣጥኑን ከፍቶ ጥቁር የጎማ ቁራጭ አወጣ፤ የሞካዋን አፍ ገልብጦ በላዩ አሰመረና በስለት መቁረጥ ጀመረ። በራሴ አባት አፈርኩ። ሚስቱን ለመግደል እንዲህ ተጠቦ መቁረጥ!

የመጀመሪያው ቀለበት አልያዘም። ውሃው መሞቅ ሲጀምር ሞካዋ በጎኗ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ፉጨት፣ ከዚያ የቡና አረፋ በወገቧ ዙሪያ። እማዬ አጠፋችው። ሁለተኛውን ቆረጠ። እሱም አፈሰሰ። ሦስተኛውን ሲቆርጥ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ያኛው ያዘ። ማድቤቱ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ወጣች። እማዬ ቀዳች፣ አሸተተች፣ ፊቷ ተኮማተረ፤ ስኒውን ግን ወደ አፏ ወሰደችው።

“አትጠጪው!” ብዬ ጮኽኩ። “ትሞቻለሽ!”

ሁለቱም ዞሩ። እኔ እየነፈረቅሁ እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰብኩ። ጎማዋ እጄ ላይ ቀይ ክብ ሠርታ ተቀምጣለች።

“ጥቁር ትተፊያለሽ። ሐሙስ ነው። እትዬ ጉበት ነው ብላለች። ወጣቶቹ ይተርፋሉ፣ አንቺ ግን እጅሽ ይንቀጠቀጣል…”

ከዚያ በኋላ ያልኩት ነገር በለቅሶ ተዋጠ። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰ ነው ብዬ የባሰ ጮኽኩ። እየሳቀ ነበር።

እማዬ አልሳቀችም። ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ። ጎማዋን ቀስ ብላ ከክንዴ አወጣቻት፤ የቀላውን ቦታ በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

“ስሚኝ። ካፌው ውስጥ ያለውን ትልቁን ማሽን ታውቂው የለ?”

አወቅሁት። ከአልጋችን አይተናነስም።

“ማሽኑ ላይ የሚቆሙት ሽማግሌ ጡረታ ሊወጡ ነው። ነገ በሳቸው ቦታ የሚቆም ሰው ይመረጣል። ሦስት ነን። ሁለቱ ልጆች ሌላ ቦታ ማሽን ላይ ሠርተዋል። እኔ አንድ ቀን እንኳ ነክቼው አላውቅም፤ ስኒ አጣቢ ማሽን አይነካም። ሽማግሌው ግን ይህችን ሞካ ሰጡኝ። ‘ይቺም ያው ናት፤ ውሃና እሳት፣ ቡናና ትዕግሥት። በዚች የተማረ በዚያኛው አይጠፋም’ አሉኝ። ቡናው እንዴት ሲፈጭ፣ እሳቱ እንዴት ሲሆን ምን ጣዕም እንደሚያመጣ በምላሴ እየተማርኩ ነው።”

“ለምን ታዲያ ትተፊዋለሽ?”

“ሁሉንም ብጠጣ መቼ እንቅልፍ ይወስደኛል?”

ይህ አሳማኝ ነበር። “ግድግዳው ላይ ያለውስ?”

“እያንዳንዱ ጭረት አንድ ያልሆነ ቡና ነው።”

ቀና ብዬ አየሁት። “ሁሉም አልሆነም?”

“አልሆነም። አንዱ ይመራል፣ አንዱ ይኮመጥጣል። ደህና የሚባልም አለ፤ ደህና ግን አይበቃም።”

“ሲሆንስ በምን ታውቂያለሽ?”

እማዬ አሰበች። “የሆነ ዕለት እውጠዋለሁ።”

ከዚያ እኔው ጎማዋን በእጄ ቦታዋ መለስኳት። የቀረው ቡና ለአንድ ጊዜ ብቻ ይበቃ ነበር። አፈላች፣ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ ቆየች። እኔና አባዬ ትንፋሻችንን ውጠን ጉሮሮዋን እናያለን። ተፋችው። ከስልሳ ሁለቱ ጎን ስልሳ ሦስተኛዋን ጭረት አሰመረች።

“ነገ ነዋ” አለች።

ሐሙስ አባዬ ከትምህርት ቤት ወሰደኝና ካፌው መስታወት ፊት ቆምን። ብቻችንን አልነበርንም። እትዬ ራዲዮ ስለ ሞት ያወራችውን ስለ ማሽን ለመቀየር ግማሽ ቀን አልፈጀባትም፤ ሰፈሩ ግማሹ እዚያ ነበር፤ ዳቦ ሻጩም። የካፌው ባለቤት “ጋሼ ቁጥብ” ይባላሉ፤ የእጅ መጥረጊያ ወረቀት ለሁለት ቆርጠው የሚያድሉ ሰው ናቸው። ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ክንዳቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሽማግሌው፣ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ። እኔ እስከዚያ ቀን ሐኪም ያደረግኋቸው ሰው እነሆ የቡና ጠብታ የነካው ሽርጥ ለብሰዋል። ስለት የላቸውም፣ መርፌም አልያዙም። ትንሽ ቅር አለኝ።

በሩ ክፍት ስለነበረ ሁሉም ይሰማል። የመጀመሪያው ልጅ እጁ ፈጣን ነው፤ የማሽኑን እጀታ በአንድ እጁ እያሽከረከረ ያስገባል፣ ያወጣል። ቀዳ፣ ለሽማግሌው አቀረበ። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ተጎንጭተው አስቀመጡት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ፈጣን፤ አረፋው ላይ ቅጠል ሳለበት። ሰው አጨበጨበ። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ተጎነጩ፤ አስቀመጡት።

እማዬ ገባች። ከማሽኑ ጀርባ ስትቆም ከደረቷ በላይ ብቻ ትታያለች። ቡናውን ፈጨች፣ በጣቶቿ መሃል አሸችው፣ አሸተተችው። እጀታውን ሞላች፣ በዝግታ አስገባች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

“ትጸልያለች” አለች እትዬ ራዲዮ፤ “ምስኪን።”

“ትቆጥራለች” አልኳት።

ቡናው ስኒው ውስጥ ወረደ። እማዬ አነሳችው። ለሽማግሌው ሳይሆን ለራሷ። ተጎነጨች፣ ጉንጯ ውስጥ አመላለሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጎንበስ ብላ የስኒ ማጠቢያው ውስጥ ተፋችው። የቀረውን ደፋችው።

ካፌው በሹክሹክታ ተሞላ። ጋሼ ቁጥብ ብድግ አሉ። “ቡናዬን ትደፋለች እንዴ? ደግሞ ባንኮኒ ላይ ሰው ይተፋል?”

ከኋላዬ አንድ ሰውዬ “በሽታው ይሆናል፣ አሳዘነችኝ” አለ። ያኔ አላስቻለኝም። ዞር ብዬ ባለ በሌለ ድምፄ “እናቴ ናት! አልታመመችም! እየቀመሰች ነው!” አልኩ። አባዬ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ዝም በይ አላለኝም።

እማዬ ወፍጮውን በትንሹ አጠበቀች። እንደገና ፈጨች፣ እንደገና ቆጠረች። ቀመሰች። ተፋች። ደፋች። ጋሼ ቁጥብ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ፤ ወደ ባንኮኒው ሲራመዱ ሽማግሌው በከዘራቸው መንገዱን ዘጉ።

“ተዋት” አሉ።

ሦስተኛውን ቀዳች። አሁን በካፌው ውስጥ የማሽኑ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ስኒውን አፏ ላይ አደረገች። ጉንጯ ተንቀሳቀሰ። ዓይኗ ተጨፈነ። እኔ መስታወቱ ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ ጉሮሮዋን አያለሁ።

ወጣ፣ ወረደ።

“ዋጠችው!” ብዬ ጮኽኩ። “አባዬ፣ ዋጠችው!”

ከአባዬና ከእኔ በስተቀር እዚያ የቆመ ሰው ያ ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም። ገብቷቸውም ቢሆን ከእኔ እኩል አይኮሩም ነበር። ዛሬ ድረስ ያንን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

እማዬ አራተኛውን ልክ እንደ ሦስተኛው አድርጋ ቀዳችና ለሽማግሌው አቀረበች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ሽማግሌው ተጎነጩ። ደገሙ። ስኒውን ከጠርዝ እስከ አተላው ጠጥተው ጨረሱት፤ ከዚያ ብድግ ብለው የሽርጣቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ።

“ሴት እኮ ማሽን ላይ ቆማ አታውቅም” አሉ ጋሼ ቁጥብ።

“ከዛሬ ጀምሮ ቆማ ታውቃለች” አሉ ሽማግሌው። “ዛሬ የተከፈተው ቡና አፈጫጨቱ ልክ አልነበረም። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ሁለቱ ልጆች አልቀመሱም። እጃቸውን ለሰው ሲያሳዩ ምላሳቸውን ረሱት።” ሽርጡን በእናቴ አንገት አጠለቁላት። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወረደ።

እትዬ ራዲዮ እልል አለች። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ “እኔ መጀመሪያውኑ ጉበት አይደለም ብዬ ነበር” አለችኝ።

እማዬ ማሽኑ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆመች። ብዙ ልጆች ከእጇ ወጡ፤ ከእነሱ ውስጥ ሴቶቹ ይበዛሉ። ጋሼ ቁጥብ ኋላ ላይ ለእንግዳ ሲያስተዋውቋት “እኔ ነኝ ያገኘኋት” ይሉ ነበር፤ እሷም ትስቅ ነበር እንጂ አታርማቸውም።

አንድ ነገር ግን የተረዳሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። እናቴን ለምርመራ ሐኪም ቤት ስወስዳት የድሮ ካርዷ ወጣ። ሐኪሙ እያገላበጠ “ጨጓራዎ እኮ የቆየ ነው፤ ቡና ፈጽሞ እንዳይጠጡ ታዘው ነበር” አላት። የተጻፈበትን ዓመት አየሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። እማዬ ወደ መስኮቱ እያየች “የዛኔውን ተወው” አለችው። ስለ እንቅልፍ የነገረችኝ ለሰባት ዓመት ልጅ የሚበቃ መልስ ነበር። ሐኪም የከለከላትን ነገር ሙያዋ ልታደርገው የቆረጠች ሴት፣ ሳትውጥ መማር እንደምትችል ደርሳበት ስልሳ ሦስት ጊዜ ተፋች። ሐሙስ ዕለት ያን አንድ ጉንጭ ዋጠችና አርብን በሙሉ ተኝታ ዋለች። እኔ ደስታው አድክሟት ነው ብዬ ነበር። ለካ እኔም ያን ያህል አልተሳሳትኩም ኖሯል።

እኔ የቡና ማሽን እጠግናለሁ። ከአባቴ ጎሚኒውን፣ ከእናቴ ትዕግሥቱን ወስጄ ነው ይላሉ የሚያውቁን። ካፌዎች ማሽናቸው ሲያፏጭ ይደውሉልኛል፤ እኔም ብረቱን ትቼ በቀጥታ ወደ ቀለበቷ እሄዳለሁ። ሞካዋ እኔ ዘንድ ናት። እጀታዋ ተቃጥሎ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ጎማዋን ስንት ጊዜ እንደቀየርኩ አላውቅም።

እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። አፈላላታለሁ። የቆርቆሮ ሳህኗን አጠገቧ አስቀምጥላታለሁ። ትጎነጫለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትተፋለች። “እሳት አበዛሽ” ትላለች። “ቡናውን ተጭነሽዋል።” “ደህና ነው። ደህና ግን አይበቃም።” ከዚያ እርሳስ ትጠይቀኝና ከምድጃዬ ጎን ግድግዳዬ ላይ ጭረት ታሰምራለች። ቤቱን ባለፈው ዓመት ሳስቀባ ቀለም ቀቢውን ያንን ቦታ እንዳይነካ ለምኜዋለሁ። እንደ ዕብድ አየኝ።

ያለፈው ቅዳሜም እንዲሁ አፈላሁ። አልቸኮልኩም፤ በአፌ እየቆጠርኩ፣ አንድ መቶ አርባ ላይ አሜን ብዬ አነሳሁት። ቀዳሁላት። ሳህኗን አቀረብኩ። ተጎነጨች። ዓይኗን ጨፈነች። ቆየች። እኔ እንደ ልማዴ እርሳሱን አውጥቼ ያዝኩላት።

እጇን አልዘረጋችም። ሳህኗን በጣቷ ጫፍ ወደ እኔ ገፋች። ባዶ ነው።

“እርሳሱ ምን ያደርግልኛል?” አለች። “ዋጥኩት እኮ።”